የሹራብ ወንበር

ሹራብ የሚሉት ሰው ሥራውን የለቀቀ ዕለት፣ መስመር የሚሉት ጓደኛው ከሁሉ ነገር አስቀድሞ የተጨነቀው ለወንበሩ ነበር።

«ለማንም እንዳይሰጡት» አላቸው አለቃቸውን፣ ቢሯቸው ድረስ ሄዶ። «መመለሱ አይቀርም። ጥቂት ወር ነው፤ ሲርበው ይመጣል።»

አለቃቸው የዋህ ሰው ናቸው። «አይ ጓደኝነት!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወንበሩም ባለበት እንዲቆይ ፈቀዱ። መስመር ያን ቃል የተናገረው ግን ለጓደኛው አዝኖ አልነበረም። ያ ሰው ጭራውን ሸጉጦ ሲመለስ፣ በዚያው ወንበር ላይ ተኮራምቶ ሲቀመጥ፣ እሱም ከጎኑ ሆኖ ቀስ ብሎ «አልኩህ አይደል?» ሲለው በዓይኑ ታይቶት ነው። ለዚያች ቃል ወንበር ያስፈልጋት ነበር።

ሁለቱ አብረው የኖሩት በውሃ መሥሪያ ቤቱ የንድፍ ክፍል ነው። ከመሬት በታች የተቀበሩ ቧንቧዎችን በስስ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ያሰፍራሉ። ከአንድ ሰፊ መስኮት ሥር ሁለት አዘቅዝቀው የቆሙ ጠረጴዛዎች አሉ፤ የቀኙ የመስመር፣ የግራው የሹራብ። የተሳሳተ መስመር በምላጭ ጫፍ ይፋቃል፤ ትንፋሽን ውጦ፣ ወረቀቱን ሳይበሱ። ከሁሉ እጁ የማይንቀጠቀጠው እሱ ስለሆነ መስመር አሉት፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቀው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሹራብ ደግሞ ክረምት ከበጋ በማያወልቃት አመድማ ሹራቡ ነው ስሙን ያገኘው። ክርኗ ላይ ተበስታ ሸሚዙ ብቅ ይልባት ነበር።

ያ ሁሉ ዓመት ማጎንበስ ዋጋ አስከፍሏል። መስመር የግራ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ስለሚሠራ፣ የግራ ትከሻው ከቀኙ ወርዶ ቀርቷል። የገዛው ኮት ሁሉ በግራ በኩል እየተንሸራተተ ይወርድበታል። ሰው ፊት «የዚህ አገር ልብስ ሰፊ እጁ ጠማማ ነው» እያለ ያማርራል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን እሱና መስታወቱ ብቻ ያውቃሉ፤ ፎቶ ሲነሳ ቀስ አድርጎ ግራውን ከፍ ያደርጋል።

ምሳ ሰዓት ላይ ወረቀታቸውን ሸፍነው፣ እዚያው መስኮት ሥር ዳቧቸውን ይበላሉ። ያን ጊዜ የሚያወራው መስመር ነው፤ ወሬውም አንድ ነው፤ እንጨት።

«እኔ እኮ አንድ ቀን ስትመጣ እዚህ አታገኘኝም» ይላል። «አንዲት ጠባብ ቤት እከራያለሁ። ሚስማር የሚባል ነገር አይገባባትም። እንጨት ከእንጨት ጋር እየተጎራረሰ የሚቆም ወንበር! ዝሆን ቢቀመጥበት ድምፅ የማያሰማ።»

አልጋው ሥር በተቀመጠ ሣጥን ውስጥ መላጊያ፣ መጋዝና መሮ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ሹራብ እያኘከ ያዳምጣል። አልፎ አልፎ ብቻ፣

«ታዲያ ለምን አትወጣም?» ይለዋል።

«ልጆቹ ትንሽ ጠንከር ይበሉ ብዬ ነው እንጂ።»

ልጆቹ ጠነከሩ። ከዚያ «ቤቱን ላድስ» መጣ። ቤቱም ታደሰ። ከዚያ ደግሞ «ጡረታዬ ትንሽ ይቅረብ» ሆነ። ሹራብ ሁልጊዜ «ልክ ነህ» ይላል፤ የዳቦ ፍርፋሪውን ከሹራቡ ላይ ያራግፍና ወደ ቧንቧው ይመለሳል።

አንድ ጠዋት ግን ያቺን ሹራብ አጥቦ ለብሷት መጣና፣ ሳይቀመጥ፣ «ለቀቅኩ» አለ።

«ምኑን?»

«ሥራውን። ልብስ ልሰፋ ነው።»

መስመር እስኪያስለው ሳቀ። «አንተ? የራስህን ክርን መጣፍ ያቃተህ ሰውዬ?»

«እሷንም እዚያው እሰፋታለሁ» አለ ሹራብ፤ ብዕሮቹን ሰብስቦ፣ ማስመሪያውን ለመስመር ትቶለት ወጣ። ለካ ማምሻውን ማምሻውን አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ እየሄደ ሲማር ከርሟል። አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም።

መስመር እቤቱ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ለሚስቱ ነገራት። «ያ ሰውዬ አብዷል። ጡረታ ያለው ሥራ ጥሎ ወጣ!»

«እሰይ» አለች ሚስቱ።

«ምኑ ነው እሰይ?»

«መድፈሩ ነዋ። ስንቱ በአፉ ሲቀር።»

በክፋት አልነበረም የተናገረችው፤ ልብስ እያጠፈች ነበር። ለመስመር ግን ቃሏ ጉሮሮው ላይ እንደተሰነቀረ አጥንት ሆነችበት። መውጣቱ የእኔ ነበር! ያ ሁሉ ቀን፣ ያ ሁሉ ምሳ ሰዓት፣ መውጣትን እያሰማመረ ሲያወራ የኖረው ማን ነው? እሱ ያዘጋጀውን መውጫ፣ በር ላይ የሰው ጃንጥላ አንስቶ እንደሚሄድ ሰው፣ ያ ዝምተኛ አንስቶት ሄደ። ለዚያውም እንጨት ሆኖ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ጨርቅ!

የመጀመሪያው ሰሞን ደግ ሰሞን ነበር። ሹራብ ለመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ሱሪ ሰፋላቸው። ሱሪው ግን እግራቸው ላይ እንደ ቆዳ ተጣብቆ ቀረ። ነገሩ ኋላ ታወቀ፤ ሹራብ ጨርቁን ያሰመረው መስመር ላይ፣ ልክ መስመሩ ላይ፣ ቆርጦታል። ስፌት የሚበላውን ጨርቅ ከመስመሩ ውጭ መተው እንዳለበት ሽማግሌው ሺህ ጊዜ ነግረውታል፤ እጁ ግን የንድፍ ክፍል እጅ ነው፤ ለዚያ እጅ ከመስመር ማለፍ ወንጀል ነው። ዘበኛው መቀመጥ ስላቃታቸው ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆመው ዋሉ። አለቃቸው ሲያልፉ አይተው «እንዲህ ነው ትጋት!» ብለው አመሰገኗቸው።

መስመር ያን ቀን ሦስት ጊዜ በር ድረስ ወረደ። «አባባ፣ ምነው አይቀመጡም?»

«ተወኝ ልጄ» አሉት ዘበኛው በጥርሳቸው መሃል። «ከተቀመጥኩ ጉዳችን ይወጣል።»

መስመር እንዲህ ያለ ደስታ አይቶ አያውቅም። የወንበሩን አቧራ በመሀረቡ ጠረገለት፤ እንግዳው በቅርቡ ይመጣል ብሎ።

እንግዳው ግን አልመጣም። በምትኩ ልብሶቹ መምጣት ጀመሩ። አንድ ጠዋት ጸሐፊዋ እንደ ውሃ የሚወርድ ቀሚስ ለብሳ ገባች። «ማን ሰፋልሽ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ቀድሞ ያውቀው ነበር። ቀጥሎ የሒሳብ ሹሙ ሰደርያ። ዘበኛው እንኳ ሁለተኛ ሱሪ ተሰፍቶላቸው፣ መስመር ሲያልፍ ሆን ብለው ቁጭ ብድግ እያሉ አሳዩት። በኮሪደሩ አዲስ ልብስ ባለፈ ቁጥር መስመር በጥፊ የተመታ ያህል ፊቱ ይግላል። ሰዉ ሁሉ ተማክሮ የሹራብን መሄድ አካሉ ላይ ለብሶ የሚዞር መሰለው።

ከሥራ ሲወጣ መንገዱ ባይሆንም በሹራብ ሱቅ በኩል ማለፍ ለመደ፤ በማዶ፣ በመብራት እንጨቶቹ ጥላ። ሱቋ በጫማ ሰፊና በፎቶ ኮፒ ቤት መካከል የተጣበቀች ጠባብ ክፍል ናት። በመስታወቱ ሲያይ ሹራብ ቆሞ ነው የሚሠራው። ጀርባው ቀና ብሏል። አንድ ቀን ደግሞ የባሰ ነገር ሰማ፤ ሹራብ ያፏጫል። ያን ሁሉ ዓመት አጠገቡ ተቀምጦ፣ ይህ ሰው ማፏጨት እንደሚችል አያውቅም ነበር! የት ደብቆት ነው? መስመር ቆሽቱ እያረረ እቤቱ ገባ፤ በሩን ዘግቶ ለማፏጨት ሞከረ። አየር ብቻ ወጣ።

«ምን ሆነህ ነው የምትተነፍሰው?» አለች ሚስቱ ከጓዳ።

«ጉንፋን ነው።»

ኮቱን ተቀብላ ልትሰቅል ስትል ገበሩ ተቀዶ እጇ ውስጥ ገባ። «ኧረ በሞቴ! ይሄን ለብሰህ ነው ሰው ፊት የምትቆመው? ሂድና ሹራብ ዘንድ አሰፋ። ጓደኛህ አይደል እንዴ?»

አልሄድም ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። በመሃል ግን አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት፤ ፈገግ አለ።

«እውነትሽን ነው» አላት። «ጓደኛዬ አይደል።»

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሲለካ የግራ ትከሻውን ከቀኙ እኩል አንስቶ፣ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሹራብ ቀጥ ላለ ሰው ይሰፋል። ከዚያ መስመር በገዛ ትከሻው ለብሶት መሥሪያ ቤት ይመጣል። ኮቱ በግራ ይወርዳል፣ ኮሌታው ከአንገቱ ይርቃል፣ ጀርባው ይኮማተራል። ጸሐፊዋ «ማን ሰፋው?» ትላለች። እሱም በሐዘን፣ «ተይው፤ ጓደኛዬ ነው፤ ምን ላድርግ» ይላል። የቀረውን ወሬው ራሱ ይሠራዋል።

ሱቋ ውስጥ እርጥብ ሱፍና የጋለ ካውያ ይሸታል። ወለሉ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ እንደ ቅጠል ረግፏል። ሹራብ ሲያየው ካውያውን አቁሞ ሮጦ አቀፈው።

«አንተ ሰው! መቼ ይመጣል ስል! ያንን የቧንቧ መንደር ጥለኸው መጣህ?»

«ኮት ነው የፈለግኩት» አለ መስመር፣ እጁ ሁለት ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ።

«ኮትማ ግዴታ ነው! ና፣ እዚህ ቁም።»

ቆመ። ደረቱን ነፋ፤ ግራውን ከፍ አደረገ። ሹራብ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ዙሪያውን ዞረው።

«ተንፍስ እንጂ።»

«ተንፍሻለሁ።»

«ሰውነትህን ልቀቀው፤ ላሳስርህ አይደለም።»

«ልቅ ነኝ!»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ላብ በጆሮው ሥር ወረደ። ሹራብ አንዴ ከኋላው ቆመ፤ ከዚያ መለካቱን ቀጠለ።

«እንጨቱስ?» አለ፣ እጅጌውን እየለካ።

መስመር በመስታወቱ አየው። ፊቱ ላይ ፌዝ ፈለገ፤ አላገኘም። «የት ይሄዳል። አለ።»

«እሰይ» አለ ሹራብ። የሚስቱን ቃል! ሁለቱ ተማክረው ይሆን እስኪል ድረስ ደሙ ፈላ።

ለሙከራ ና ሲባል አልሄደም። በሰፋፊ ነጭ ክር ለጊዜው የተያያዘውን ኮት ከለበሰ ሹራብ ጉድለቱን አይቶ ያስተካክለዋል፤ ስለዚህ «ሥራ በዛብኝ፤ እንዲሁ ጨርሰው» ብሎ ላከበት።

ኮቱ ይደርሳል በተባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄደ። ኮቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መስመር ገና ከበሩ ሲያየው ልቡ ዘለለ። ጠማማ ነው! የግራው ትከሻ ከቀኙ ወርዷል፤ ጀርባው ደግሞ የጎበጠ ይመስላል። ዕቅዱ ከጠበቀው በላይ ሠርቶለታል፤ ሳይለበስ ገና የተበላሸ ኮት! ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነከሰ።

«ልበሰው» አለ ሹራብ።

«አሁን?»

«ታዲያ ለመቃብር ነው? ልበሰው እንጂ!»

ለበሰው። መስታወቱ ፊት ቆመ። ኮቱ ቀጥ ብሏል። ኮሌታው አንገቱን አቅፎ ተቀምጧል፤ ሁለቱም ትከሻ እኩል ይመስላል፤ ጀርባው ላይ አንዲት ሽብሽብ የለችም። መስታወቱ ውስጥ የቆመው ሰው መስመር በአሳብ ብቻ የሚያውቀው ሰው ነው። ግራውን ከፍ አድርጎ ሞከረ፤ ኮቱ ወዲያው ተጨማደደ። ለቀቀው፤ ተስተካከለ።

«የለካኸኝ ይሄን አይደለም» አለ መስመር።

«ያን ቀን የለካሁትማ ሌላ ሰው ነበር» አለ ሹራብ እየሳቀ፤ ከእጅጌው ላይ ክር ነቀለለት። «ሰው ሁሉ ሜትር ሲያይ ይዋሻል። አንዱ ሆዱን ይውጣል፣ አንዱ በጣቱ ይቆማል። አንተ ትከሻህን አነሳህ። እኔ ግን ስንት ዓመት በግራህ ተቀመጥኩ? ቀና ባልኩ ቁጥር የማያት እሷን ትከሻ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እቆርጣታለሁ።»

መስመር ኮሌታውን ነካካ። ክፋቱ እንኳ ክፋት ሆኖ አልተቆጠረለትም፤ ሆዱን እንደሚውጠው ሰው ሁሉ ተራ ነገር ሆነበት። መልሶ ለመንከስ ያህል፣

«የዘበኛውን ሱሪም ዓይንህን ጨፍነህ ነበር የቆረጥከው?» አለ።

ሹራብ ጭራሽ ሳቁን ለቀቀው። «ያንማ መስመሩ ላይ ነዋ! ያንተ ጎረቤት ሆኜ ሌላ ምን ልማር ኖሯል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታውቃለህ፣ ስለ እንጨቱ ስታወራ እቀናብህ ነበር። አንድ ቀን ተነስቶ ይሄዳል፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን እቀራለሁ እያልኩ እንቅልፍ አጣ ነበር። ሳይቀድመኝ ልውጣ ብዬ ነው የወጣሁት።»

ይህን የሰማ ሌላ ሰው ቢሆን ይጽናና ነበር። መስመር ግን ኮቱ ውስጥ ቆሞ ተቃጠለ። ባልሠራው ሥራ ተቀንቶበታል፤ የሠራውም ሌላው ሆነ።

ሰኞ ኮቱን ለብሶ ገባ። ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ! ቁመት ጨመርክ እንዴ?» ማን ሰፋው ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ረፋዱ ላይ ሞቀውና አውልቆ፣ ሳያስበው በሹራብ ባዶ ወንበር መደገፊያ ላይ ሰቀለው። ወደ ስስ ወረቀቱ አጎነበሰ።

አለቃቸው ገብተው ቆሙ። ወደ ወንበሩ አዩ፣ ወደ እሱ አዩ። «እኔ እኮ ደነገጥኩ» አሉ። «እዚህም ተቀምጠሃል፣ እዚያም ተቀምጠሃል!»

መስመር ዞር አለ። እውነታቸውን ነው። ኮቱ ግራውን ጥሎ፣ ጀርባውን አጉብጦ በለቀቀው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሚወጣ ይመስላል ብሎ አሰበ፤ ይሄ ኮት ከእኔ ይልቅ ተነስቶ የሚወጣ ይመስላል።

«ለመሆኑ ሰውዬህ ይመለሳል?» አሉ አለቃቸው። «አዲስ ልጅ ሊመደብልን ነው።»

መስመር ምላጩን አስቀመጠ። «አይመለስም።»

«እንግዲያው ልጁ እዚህ ይቀመጣላ።»

«ወንበሩስ አይሆንም። የኋላ እግሩ ይወላገዳል፤ አግዳሚው እንጨት ላልቷል። ድሮም አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ግምጃ ቤት ይጣል።»

«ለእኔ ይስጡኝ» አለ መስመር፤ ራሱም ደነገጠ። «ላስተካክለው።»

ለራሱ የሰጠው ምክንያት ሌላ ነበር። ሹራብ አንድ ቀን ቢጨንቀውና ቢመለስ እንኳ መቀመጫ አይኑረው! እንዲህ እያለ ወንበሩን ተሸክሞ ወጣ።

«ወንበሩም ሥራ ለቀቀ?» አሉ ዘበኛው ከተቀመጡበት።

በሹራብ ሱቅ ማዶ ሲያልፍ ፉጨቱ ይሰማል። እንዳይታይ አንገቱን ደፋ፤ ትንሽ ሄዶ ደግሞ፣ ቢታይስ ብሎ ቀና አለ። ማንም አላየውም።

እቤቱ ኮቱን በሩ ላይ ሰቀለ፤ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር ጎተተ። መላጊያው ዝጓል። ሚስቱ የጨርቅ ቅርጫቷን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ መብራቱንም አበራችለት። የላላውን አግዳሚ አወጣ፤ ለአዲሱ እንጨት ለካ፤ በእርሳስ አሰመረ። መስመሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ያማረ ነበር። መጋዙን ልክ መስመሩ ላይ አሳርፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆረጠ።

የቆረጠውን እንጨት ጫፍ የወንበሩ እግር ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ከተተው። በአባቱ ጫማ ውስጥ እንደገባ የሕፃን እግር ተንቀዋለለ። መጋዙም ለራሱ የሚበላው ውፍረት አለው፤ መስመር ላይ ከቆረጡት የሚበላው ከእንጨቱ ነው። መስመር እንጨቱን ይዞ ቀረ። በሩ ላይ የተሰቀለው ኮት ግራ ትከሻውን ጥሎ ያየዋል።

«ምን ሆነ?» አለች ሚስቱ።

«እንጨቱ አነሰ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሌላ እቆርጣለሁ» አለ፤ ፊቱ ቀልቷል፤ እጁ ግን አዲስ እንጨት እየፈለገ ነው። «ከመስመሩ ትንሽ ራቅ ብዬ። ስሚ ግን፣ ለሹራብ እንዳትነግሪው!»